ፈታሽም ይፈተሽ

የእትዬ አስካለን መርዶ ያረዳን ሰው የለም። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ደግሞ አይለቀስለትም፤ ተዝካሩም አይወጣም። ጠላት ከአገር ሲወጣ ከየእስር ቤቱ የተረፈው ሰው በአንድ በሁለት እየተንጠባጠበ ሲመጣ፣ የኮልፌ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመን እናይ ነበር። የአንዷ ባል መጣ፣ የሌላዋ ወንድም መጣ፣ ያልመጣውም ወሬው መጣ። የእትዬ አስካለ ወሬዋም አልመጣ። ሰቀሏት ያለ አለ፤ በካሚዮን ጭነው ወደ ሱማሌ በረሃ ወሰዷት ያለ አለ። በዓይኔ አየሁ ያለ ግን አልተገኘም። እንዲህ ሆና ቀረች፤ ሞተች አይባል፣ አለች አይባል። የሚያውቋት ሰዎች አንድ በአንድ አልቀዋል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ድንኳን ባልጥልላትም ላውራላት።

«እሷ» እያልኩ ማውራቴን ሰምታችሁ ስድ እንዳትሉኝ። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። አዲስ ሙሽራ ሆኜ አማቴ ቤት ስገባ አጥር ለአጥር ነበርንና «እንደምን አደሩ» ብላት፣ እንዝርቷን አቁማ «እርስዎ የምባለው ችሎት ፊት ስቆም ነው፤ ለአጥር ጎረቤት አንቺ ይበቃል» አለችኝ። እኔን ሙሽሪት ትለኝ ነበር። ልጅ ወልጄ፣ ልጄን ጡት አስጥዬም ለእሷ ሙሽሪት እንደሆንኩ ቀረሁ።

ወደ አዲስ አበባ ያመጣት ሙግት ነው። የአባቷን ርስት አጎቷ ነጠቃትና ከሸዋ ገጠር ተነሥታ ለአቤቱታ መጣች፤ ዛሬ ነገ ሲሏት ጠጉሯ ሸበተ። ከዳኛ ዳኛ ስትመላለስ የአገሩን ሕግ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው። የምትኖረው ጥጥ ፈትላ ነበር። ጠላት ሲገባ ዳኛው ሸሸ፣ ችሎቱ ተበተነ፤ እሷ ግን ለችሎት የምትለብሳትን ባለ ጥለት ነጠላ እያጠበች፣ እያጣጠፈች ታስቀምጥ ነበር። «ዳኛው ሸሸ እንጂ ቀጠሮዬ አልተሰረዘም» ትላለች። እንስቅባት ነበር። በዚያ ዘመን የሚያስቅ ነገር ብርቅ ነበርና እሷም መሳቃችንን አትጠላውም።

የእሷ ቃል «በሕግ አምላክ» ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ሲጣላ እንደ ዘበት ይለዋል። ያን ጊዜ ቃሉ ክብደት ነበረው። ባላጋራህን መንገድ ላይ አግኝተህ «በሕግ አምላክ!» ካልከው ባለበት ይቆማል፤ ቢቸኩልም ይቆማል፣ ፈረስ ላይ ቢሆንም ይቆማል። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ወይም ያቆመው ሰው ራሱ «ሂድ፣ ለቅቄሃለሁ» እስኪለው ንቅንቅ የለም። ቀድሞ በንጉሡ አምላክም ይባል ነበር። ንጉሡ ከተሰደዱ ወዲህ እንደዚያ ማለት አንገት ያስቆርጥ ስለነበር እትዬ አስካለ ሕጉን ብቻ ያዘች። «ንጉሥ ይሰደዳል፤ ሕግ ወዴት ይሰደዳል?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

ጣሊያኖቹም የራሳቸው ማቆሚያ ቃል ነበራቸው። «ፌርማ!» ይላሉ። ቃሉን ሰምቶ ያልቆመን ይተኩሱበታል።

በየካቲቱ ጭፍጨፋ ከተማው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ የቤት ፍተሻው ባሰ። አንድ ሸማኔ ጎረቤት ነበረን፤ ከመወርወሪያው በቀር በእጁ ይዞት የሚያውቀው ነገር የለም። ቤቱን ሲፈትሹ ከመደቡ ሥር ጥይት አገኘን አሉ። ጥይቱን በኪሱ ይዞ የገባው ሊፈትሽ የመጣው ባንዳ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማን ደፍሮ ይመስክር? ሰውየውን ሰቀሉት። እትዬ አስካለ ያን ሰሞን እንዝርት አልነካችም፤ እሳትም አላነደደች። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ይዛ ተነሣች፦ ፈታሽም ይፈተሽ።

እሷ ቤት የመጡ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ያችን የችሎት ነጠላ ለብሳ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለች።

አስተርጓሚው አቶ ገብሬ ይባላል፤ ሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ የተማረ፣ ጧትም ማታም የደከመው የሚመስል ሰው ነበር። «እትዬ፣ ጠመንጃ ነው የሚፈልጉት» አላት።

«የማን ጠመንጃ ጠፋ? ባለቤቱ ይምጣና ምልክቱን ይናገር። ያልጠፋ ዕቃ ከሰው ቤት አይፈለግም።»

«ኧረ ስለ እግዜር ያሳልፏቸው!»

«አሳልፋለሁ። የመጡት በቀን ነው፣ ባለቤቷም አለሁ፣ አንተም ምስክር ነህ፤ እስከዚህ ደንብ ነው። ነገር ግን ፈታሽም ይፈተሽ። ባዶ እጃቸውን መግባታቸውን ልይ።»

አቶ ገብሬ ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሹሙ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ወፍራም ጣሊያን ነበር፤ ሳቀ። ሳቀና ኪሱን ገለበጠ። ሲጋራ ወጣ፣ ማበጠሪያ ወጣ፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶግራፍ ወጣ። እትዬ አስካለ ፎቶግራፉን አየት አድርጋ «ያሳድግልህ» አለችውና ከበሩ ገለል አለች። ፈትሸው ሲወጡም እንደገና ኪሳቸውን አስገለበጠቻቸው።

ሁልጊዜ አልሳቁላትም። በሌላ ቀን ሌላ ጎረቤት ቤት ሄዳ ይህንኑ ስትል አንዱ ወታደር በሰደፍ ትከሻዋን መታት። ከዚያ በኋላ ግራ እጇ ወደ ላይ አልዘረጋ ስላላት ክሯ መቆራረጥ ጀመረ። ሄጄ ጀርባዋን ስቀባላት «ተይ በቃሽ፣ እነሱ የአገራችንን ሕግ የት ያውቁታል?» ብላት፣ «እነሱ ባያውቁት እኔ ልርሳው?» አለችኝ። ተናደድኩባት። ሰው ለራሱ አያዝንም እንዴ!

ትልቁ መዘዝ የመጣው ከኬላው ነው። ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው ብዙም ሳይርቅ፣ ኬላ አቆሙ። ወደ መናገሻ በኩል እንጨት የምንለቅም ሴቶች ሁሉ በዚያ ነው የምናልፈው። ወንዱን ፈተሹት፣ ቻልነው። በኋላ ሴቱን መፈተሽ ጀመሩ። እጃቸው የት የት ይገባ እንደነበር አልናገርም። አማቴን እማማ ወርቄን፣ ያን የሚያህሉ ሴት፣ ሰው ፊት ቀሚሳቸውን ገልበው ሲስቁባቸው፣ እኚያ ኩሩ ሴት ቤት ደርሰው በራቸውን ዘግተው አለቀሱ።

በማግሥቱ እትዬ አስካለ ነጠላዋን ለብሳ ቀጥ ብላ ወደ ኬላው ሄደች፤ ሴቶቹም ተከተልናት። «በሕግ አምላክ!» አለች ሹሙ ፊት ቆማ። «ሴት በሴት ይፈተሽ!»

ያ ወፍራሙ ሹም ከአቶ ገብሬ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ በጣቱ ወደ እሷ ጠቆመ።

አቶ ገብሬ አንገቱን ደፋ። «እሺ ብለዋል፣ እትዬ። ፈታሿ ግን እርስዎ ነዎት።»

ሙግት ረትቶ የተፈረደበት ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እምቢ እንዳትል፣ የወታደሮቹ እጅ ሊመለስብን ነው። እሺ ካለች ደግሞ የጠላት ሎሌ ልትሆን ነው። ዞራ አላየችንም። በመጨረሻ ሦስት ነገር ጠየቀች። በጆንያ የሚጋረድ ቦታ ይሠራልኝ አለች። ያለ እኔ ሌላ እጅ ሴት አይንካ አለች። እኔም ከእያንዳንዷ ሴት በፊትም በኋላም በሁላችሁ ፊት ነጠላዬን ላራግፍ፣ መቀነቴን ልፍታ፤ ፈታሽም ይፈተሽ አለች። እሺ አሏት። ማታ አጥሩ ላይ ስታገኘኝ «አየሽ ሙሽሪት፣ ፈታይ ነበርኩ፣ ፈታሽ ሆንኩልሽ» ብላ ለመሳቅ ሞከረች።

ሰፈሩ አልሳቀም። ባንዳ አላት። ሰላምታ ነሷት። በዚያን ጊዜ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም፤ ጧት ጧት በገል ፍም ከጎረቤት ይጫራል። አንድ ጧት ገሏን ይዛ እኛ ቤት መጣች። አማቴ ከምድጃቸው ቀና ሳይሉ «እሳታችን ለጣሊያን አይበቃም» አሏት። ባዶ ገሏን ይዛ ተመለሰች። እኔ ምራት ነኝ፤ በአማቴ ምድጃ ላይ ቃል የለኝም። አማቴስ ቢሆኑ ትንሹ ልጃቸው ዱር ገብቶ፣ ይኑር ይሙት ሳያውቁ እያደሩ በማን ይናደዱ?

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። እትዬ አስካለ በሐሰት መሐላ የማትገባ ሴት ነበረች። ርስቷን የወሰደባት አጎቷ በሐሰት ምሎ ነው፤ እሷም አንድ ሐሰተኛ ምስክር አቁማ ብትረታው ትችል ነበር፣ እምቢ ብላ ነው የከረመችው። ኬላው ላይ አንዲትን ሴት ፈትሻ ስትወጣ ሹሙ «አለ? የለም?» ብሎ ያስጠይቃታል። እሷ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ነውር የለባትም።» አቶ ገብሬ ያንን «ኒየንተ» ይለዋል፣ ምንም የለም ማለት ነው። ሴትየዋ ታልፋለች።

ከነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹ በጡታቸው ሥር መልእክት ይዘው ነበር፤ መድኃኒት የያዙም ነበሩ፣ ጥይት የታጠቁም ነበሩ። እትዬ አስካለ በእጇ ዳብሳ ታገኘዋለች፤ እንደነበረ ትታው ትወጣለች። ለአገር ጥይት መያዝ ነውር ነው እንዴ? አልዋሸችም። አቶ ገብሬ አውቆ ይሁን ሳያውቅ «ኒየንተ» ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ያለፉት ሴቶች ትንፍሽ አላሉም፤ ወሬው ሹሙ ጆሮ ከደረሰ ሁሉም አለቁ። ይባስ ብለው ከሌላው ጋር ሆነው ባንዳ እያሉ ይሰድቧት ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች። ስድቡ ለእነሱም ለእሷም መሸሸጊያ ነበር፤ ግን ስድብ ስድብ ነው፣ ፊቷ ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ ሄደ።

ከዚያ አቶ ገብሬን አንሥተው ሌላ አስተርጓሚ አመጡ። ወጣት ነው፤ ቅኔ ቤት ቆይቶ ያቋረጠ ስለነበር ሴቶቹ ደብተራው አሉት። ቅኔ የለመደ ጆሮ ደግሞ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል አያመልጠውም። በመጣ ቀን ጧት እትዬ አስካለ የመጀመሪያዋን ሴት ፈትሻ «ነውር የለባትም» ስትል ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ስለ ነውሩ ማን ጠየቀዎት?» አለ በትሕትና። «ዕቃ አለባት ወይስ የለባትም? ይህን መስቀል ይያዙና ይንገሩኝ።»

ያችኛዋ ሴት ምንም አልያዘችም ነበርና እትዬ አስካለ መስቀሉን ይዛ ማለች። ነጠላዋን አራገፈች፣ መቀነቷን ፈታች፣ መልሳ ታጠቀች። ቀጥለው የገቡት አማቴ ነበሩ። ከአማቴ ኋላ እኔ የእንጨት ማሰሪያ ገመዴን ይዤ ቆሜያለሁ። አማቴ ጥይት መታጠቃቸውን እኔ አላውቅም፤ ለዚያ ለዱሩ ልጃቸው ነበር።

ከጆንያው ኋላ የሆነውን አማቴ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። እትዬ አስካለ ወገባቸውን ስትዳብስ እጇ ቀጥ አለ። እሳት ከተነፈገች ጀምሮ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። አማቴ «በቃ፣ አበቃልኝ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ አስካለ ጥይቱ የተቋጠረበትን ጨርቅ ቀስ ብላ ፈታችና በራሷ መቀነት ውስጥ ጠቅልላ ታጠቀችው። ከዚያ በጆሯቸው «እሳት ብትነፍጊኝ ይኸው እሳትሽን ወሰድኩብሽ» አለቻቸው።

ወጣች። መስቀሉን ያዘች። «በዚህች ሴት ላይ ምንም ዕቃ የለም» አለች። እውነቷን ነው፤ በአማቴ ላይ ምንም አልነበረም። ሹሙ በእጁ እለፊ አለ፣ አማቴም አለፉ።

የኔ ተራ ደረሰና ወደ ጆንያው ተራመድኩ።

«እትዬ» አለ ደብተራው። «አሁን አላራገፉም።»

ወታደሮቹ እንኳ ያንን ማራገፏን ለምደውት ነበር፤ አንዳንዴ በጨዋታ ነጠላ የያዙ መስለው ያራግፉ ነበር። ሁሉም ወደ እሷ አዩ። ረሳሁት ማለት ትችል ነበር፣ አሞኛል ማለት ትችል ነበር፣ እንጃ፣ እኔ ብሆን አንድ ነገር እቀባጥር ነበር። እሷ ደብተራውን አየችው።

«ልክ ነህ» አለች። «ፈታሽም ይፈተሽ።»

በዚያች መሥራት ባቃታት ግራ እጇ ነጠላዋን አራገፈች፤ ከዚያ መቀነቷን ፈታች። ጥይቱ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

አማቴ አልፈው ሄደው ነበር። ድምፁን ሰምተው ዞሩ። ጮኸው እየሮጡ ተመለሱ፤ «የኔ» ሲሉ ሰማሁ፣ የቀረውን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«በሕግ አምላክ!» አለች እትዬ አስካለ። ያን የመሰለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። «ወርቄ፣ ቁሚ!»

አማቴ ቆሙ። አንድ እግራቸው ቀድሞ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ቆሙ። ያ ቃል ስንት ዘመን ተጮኸበት፣ አንድም ጣሊያን አላቆመም። የሚሰማው ሰው ፊት ሲነገር ግን ይኸው ሠራ።

«ምን አለች?» ሳይል አልቀረም ሹሙ፤ ወደ ደብተራው ዞረ። ደብተራው አማቴን አየ፣ እትዬ አስካለን አየ። ገብቶታል፤ ከፊቱ አይቻለሁ። «ዲዮ» የሚል ቃል ያለበት አንድ አጭር ነገር ተናገረ፤ እግዜርን ጠራች ማለቱ ነው። የቀረውን አልተረጎመም። ለዚህ አላመሰግነውም። መቀነቷን ያስፈታት እሱ ነው።

እትዬ አስካለ ወደ ሹሙ ዞራ እንደ ችሎት ቀኝ እጇን አነሣች። «ዕቃው ተገኝቷል፤ የተገኘበትም ሰው እኔ ነኝ። የተፈለገው ከተገኘ ፍለጋው ይቁም፤ እነዚህን ሴቶች ልቀቋቸው» አለች። ደብተራው ያችን ቃል በቃል ተረጎማት መሰለኝ፤ በዚያ ቀን ከኋላዬ የነበሩትን ሴቶች ማንም ሳይነካቸው በመጡበት መለሷቸው። እሷን በካሚዮን ጭነው ወደ ከተማ ወሰዷት። ስታልፍ «ሙሽሪት፣ ነጠላዬ እንዳይቆሽሽ» አለችኝ። ያች የችሎት ነጠላዋ መሬት ላይ ቀርታ ነበር፤ አንሥቼ ያዝኳት።

አማቴ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሴቶቹ ብንጎትታቸው፣ ብንለምናቸው፣ «አልተለቀቅሁም» ብቻ ነው የሚሉት። ባሌ መጥቶ ተሸክሟቸው ነው የገባነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ጧት ጧት በገል ፍም ጭረው ወደ እትዬ አስካለ ባዶ ቤት እየሄዱ ምድጃዋ ላይ ያኖሩ ነበር። ጣራው እስኪወድቅ ድረስ አልተዉም። የዱሩ ልጃቸው ከድል በኋላ በሕይወት ሲመጣ አቅፈው ስመው፣ መጀመሪያ የጠየቁት «አስካለንስ አየሃት?» ብለው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኬላው በነበረበት ቦታ የአውቶቡስ ማቆሚያ ተሠራ። ሰው ሁሉ ፌርማታ ይለዋል፤ የዛሬ ልጆች ቃሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ እኔ ግን ስሰማው ትከሻዬ ይሰበሰባል። አማቴ ወደ ገበያም ሲሄዱ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄዱ እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ይሉ ነበር። ሰው አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስለዋል። አንድ ቀን ቲኬት ቆራጩ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ልንሄድ ነው!» ሲላቸው፣ «ሂዱ ልጄ፣ እኔን ያቆመኝ ሌላ ነው» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ አብረውት የነበሩትም ሳቁ። እኔ እጃቸውን ይዤ «በቃ ለቅቃዎታለች እኮ» ስላቸው፣ «አንቺ ምን ሥልጣን አለሽ? ያቆመችኝ እሷ ናት» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሲሞቱም የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ነበር፦ «ሄጄ ልቀቂኝ እላታለሁ።»

አስከሬናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ፌርማታው አጠገብ አሳረፍነው፤ እዚህ ላይ ፍታት ይድረስልን ብዬ ቄሱን የለመንኩ እኔ ነኝ። ያችን ነጠላ ሸፍኜባቸዋለሁ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመልን።

«አባ፣ የአንዲት ሌላ ሴትም ስም አብረው ያንሡልኝ» አልኳቸው።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ወደ ለቀስተኛው ዞርኩ። የኮልፌ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባንዳ ስንላት፣ እሳት ስንነፍጋት፣ ከዚያም ጀግና ስንላት፣ የክርስትና ስሟን የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

«አናውቀውም፣ አባ።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ። የአማቴን የክርስትና ስም እየጠሩ ፍታቱን አደረሱ። ሲጨርሱ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው «በሉ አንሡ፤ ተፈትታለች» አሉ። አነሷቸውና አማቴ ከዚያ ቦታ አለፉ። እትዬ አስካለን ግን የፈታት የለም።